የጥሩሐረግ አሥራ ሁለት ዙር

ጥሩሐረግ ዋሴ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የተማረችው አራተኛ ሰው ስለታጣ ነው። ዘመኑ 1987 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ሰቆጣ ከተማ ዳር አንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ግቢ ነበረው፤ እሷም በአስተርጓሚነት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የሰሃላ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ነው። አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገለች ነው ያገኘችው። ከነርሶቹ ጋር አበርገሌ ቆላ ትወርድና እናቶች ስለ ልጆቻቸው ሕመም የሚሉትን በእንግሊዝኛ፣ ነርሶቹ የሚመልሱትን በኽምጥኛ ስታቀብል ትውላለች። አንዲት እናት ሩብ ሰዓት ሙሉ ብትናገር ጥሩሐረግ አትጽፍም፣ አታቋርጣትምም። እስክትጨርስ ትጠብቅና ልጁ ስንት ቀን እንዳስቀመጠው፣ ምን እንደጠጣ፣ መቼ መጥባት እንደተወ፣ አንድም ሳታስቀር በቅደም ተከተሉ ትናገረዋለች።

ይህን ያስተዋለችው የነርሶቹ ኃላፊ ነበረች። ኖራ የምትባል አየርላንዳዊት ናት፤ ከአምሳ ዓመት ያለፈች፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። ከተማው ሲስተር ኖራ ይላታል። ኖራ፣ የውሃ መሐንዲሱና የመጋዘን ኃላፊው ከአንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ሆነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሪጅ ይጫወቱ ነበር። ባለሙያዋን ወባ ጥሏት ወደ አገሯ ስትመለስ ጨዋታው ቆመ። ብሪጅ በሦስት ሰው አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ኖራ ጥሩሐረግን ጠርታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ካርታ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እኛ ዘንድ ካርታ የሚጫወት ሰው ቁማርተኛ ይባላል።»

«እዚህ ማንም ምንም አያስይዝም። ቁጭ በይ።»

ጨዋታውን እኔም ኋላ ከራሷ ከጥሩሐረግ ስለተማርኩት በአጭሩ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ጓደኛ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ ሦስት ካርድ ይታደላል፤ አንዱ እደላ ከነጨዋታው «እጅ» ይባላል። ካርዱ አራት ዓይነት ነው፤ ልብ፣ ዳይመንድ፣ አበባና ጦር። አራቱ በየተራ አንዳንድ ካርድ ሲጥሉ አንድ ዙር ይባላል፤ የመጀመሪያው ሰው የጣለው ዓይነት ያለው ሁሉ ከዚያው መጣል ግዴታው ነው፤ ከዚያ ዓይነት ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል። ከመጀመራቸው በፊት ግን እንደ ጨረታ ይጫረታሉ፤ ከአሥራ ሦስቱ ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን ብሎ ከሁሉ የበለጠ ቃል የገባ ጨረታው ይጸናለታል። ከዚያ ከሁለቱ ጓደኛሞች አንዱ ካርዱን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ይዘረጋና ዝም ይላል። ሌላው የራሱንም የተዘረጋውንም እጅ ብቻውን ይጫወታል። ዝም የሚለውን ፈረንጆቹ በራሳቸው ቃል ይጠሩታል፤ ጥሩሐረግ «ዱዳው» ትለዋለች።

ኖራ ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረቻት አለመቸኮልን ነው። የዱዳው ካርድ እንደተዘረጋ ጥሩሐረግ ካርድ ልታነሣ ስትል እጇን ያዝ ታደርጋታለች።

«እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። በእርግጠኝነት የምትወስጃቸው ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ስንት ቃል ገባን?»

«ዘጠኝ።»

«ሁለቱ ከየት ይመጣሉ? ምንስ ሊያበላሽብሽ ይችላል? ይህን ሳትመልሺ አንዲት ካርድ አትነኪም።»

በስድስት ወር ውስጥ መሐንዲሱና የመጋዘን ኃላፊው በእሷ ላይ መጫወት ከበዳቸው። የወደቀውን ካርድ ሁሉ ታስታውሳለች። ያልወደቀው በማን እጅ እንዳለ ደግሞ ከወደቀው ተነሥታ ትደርስበታለች። በዓመቱ ኖራ ራሷ መጠየቅ ጀመረች፤ «እዚህ ላይ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ትላታለች። ጥሩሐረግ ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ያንን ጥያቄ ስትሰማ ደረቷ ውስጥ የሚሰማትን ስሜት፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሌላ ቦታ አግኝቼው አላውቅም ብላኛለች።

ባሏ ካሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከተማው ትንሽ ነው፤ ሚስትህ ከፈረንጅ ወንዶች ጋር ካርታ ስትጫወት ትውላለች እያሉ ጓደኞቹ ሻይ ቤት ያነሡበት ነበር። የንስሐ አባታቸው መምሬ አሥራተ ማርያምም ጠርተው መክረዋታል።

«ቁማር አይደለም አባቴ፤ ሐሳብ ነው፤ እንደ ሒሳብ ትምህርት ያለ ነገር ነው» አለቻቸው።

«ሐሳብ ከሆነ ያለ ካርታ አስቢው» አሏት።

በ1989 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ኖራ አዲስ አበባ የብሪጅ ውድድር እንዳለ ነገረቻት። ውጭ አገር ሰዎችና የድሮ ሹማምንት የሚሰበሰቡበት አንድ ክበብ በየዓመቱ ያዘጋጀዋል። ኖራ «አንቺን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ» አለቻት። ጥሩሐረግ ለካሳ ለስብሰባ ነው ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

«ለሥራ ከሆነ ሂጂ» አላት ካሳ።

«ለሥራ አይደለም። ለጨዋታው ነው።»

«ለካርታ ብለሽ ቤትሽን ጥለሽ አዲስ አበባ ልትሄጂ?»

«አምስት ቀን ነው ካሳ።»

«እንግዲህ የሚሆነውን ታውቂያለሽ» አለና ወጣ። ይበርድለታል ብላ ሄደች።

ክበቡ ትልቅ አዳራሽ ነበረው። ሃያ ያህል ጠረጴዛ ተደርድሯል። በውድድር ላይ አንዱ ጠረጴዛ የተጫወተውን ካርድ ሌላውም ጠረጴዛ ይጫወተዋል፤ ስለዚህ ጥሩ ካርድ ደረሰኝ፣ መጥፎ ደረሰኝ ማለት የለም፤ በዚያው ካርድ ማን ምን ሠራ ነው ነገሩ። እስከ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ድረስ ጥሩሐረግና ኖራ መሃል አካባቢ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ከአቶ ዓለምነህና ከጓደኛቸው ጋር ተገናኙ። አቶ ዓለምነህ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፤ ሽበታቸው ያማረ፣ ከረባታቸውን ያጠበቁ ሽማግሌ። ከጥሩሐረግ በቀኝ ተቀመጡ፤ ጓደኛቸው በግራ።

በዚያ እጅ ጨረታውን ያሸነፈችው ጥሩሐረግ ናት። ከአሥራ ሦስቱ ዙር አሥራ ሁለቱን ልትወስድ ቃል ገባች። በግራዋ ያለው ሰው የልብ ንግሥትን ጣለ፤ ኖራም ካርዷን ዘርግታ ዝም አለች።

ጥሩሐረግ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆጠረች። በእርግጠኝነት የምትወስደው አሥራ አንድ ነበር። አሥራ ሁለተኛው በዳይመንድ ንግሥት ላይ ተንጠለጠለ። ንግሥቲቱ በቀኝ ባሉት በአቶ ዓለምነህ እጅ ከሆነች በአንድ መንገድ፣ በግራ ባለው ሰው እጅ ከሆነች በሌላ መንገድ ትጠመዳለች። መንገዱን የተሳሳተ ተሸነፈ። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ብዙዎቹ ወዲያው ገምተው ነበር የተጫወቱት፤ አንዳንዱ ቀንቶት፣ አንዳንዱ ሳይቀናው። እሷ ግን መገመት አልፈለገችም። ብዙ ቆየች። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ ሲጨርስ ይሰማታል።

አቶ ዓለምነህ ጎንበስ ብለው በአማርኛ «ልጄ፣ ተኛሽ እንዴ?» አሏት።

ዳይመንዱን መጨረሻ ድረስ ላለመንካት ወሰነች። መጀመሪያ የመጣባትን ልብ በአስ፣ ከሁሉ በሚበልጠው ካርድ፣ ወሰደች። ከዚያ አበባ ሦስት ጊዜ ተጫወተች፤ በሦስተኛው ላይ በግራ ያለው ሰው አበባ አልነበረውም። ሁለት አበባ ብቻ ይዞ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ ልብ ስትጫወት አቶ ዓለምነህ ልብ አጡ፤ ስለዚህ ከውጭ የቀሩት ሰባቱም ልቦች የግራው ሰው ነበሩ። ጦር ደጋግማ ስትጫወት ሁለቱም ሦስት ሦስት ጦር ጥለው ጨረሱ። ሰባት ልብ፣ ሁለት አበባ፣ ሦስት ጦር፤ አሥራ ሁለት ሆነ። ሰው ከአሥራ ሦስት በላይ አይይዝም። እንግዲህ የግራው ሰው ያለው አንድ ዳይመንድ ብቻ ነው። ወደ ኖራ አስ ዳይመንድ ስትጫወት ያቺን አንዷን ጣላት፤ ሰባት ነበረች። ከዚያ በኋላ የሚገመት ነገር አልቀረም፤ ንግሥቲቱ በአቶ ዓለምነህ እጅ ናት። ከኖራ ካርድ ትንሽ ዳይመንድ አስነሥታ አቶ ዓለምነህ ስምንት ሲጥሉ፣ እሷ አሥሯን ጣለች። አሥሯ ዙሩን ወሰደች። ቀጥሎ ንጉሡ። አሥራ ሁለት።

አቶ ዓለምነህ ንግሥታቸውን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንዴት አወቅሽ?»

«የጓደኛዎን ካርድ ቆጠርኩ» አለቻቸው።

በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጡ። አዳራሹ መውጫ ላይ ውጤቱ የተለጠፈበት ወረቀት «ኖራና ጓደኛዋ» ይላል። ኖራ አይታው «የአንቺን ስም መጻፍ አቅቷቸው ነው» ብላ ሳቀች። ጥሩሐረግም ሳቀች። ያን ቀን ምንም ነገር ሊያስከፋት አይችልም ነበር።

ሰቆጣ ስትመለስ ሳጥኗን ወንድሟ ቤት አገኘችው። ካሳ ራሱ አምጥቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ነበር የሄደው። ሽማግሌ ሄደ፤ ካሳ አልታረቅም አለ። ልጅ ስላልነበራቸው ፍቺው አንድ ቀን አልፈጀም።

በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር ድርጅቱ ሠራተኛ መቀነስ ጀመረ፤ በዓመቱ ግቢውን ዘጋ። ኖራ የሄደችው ሁለት ጥቅል ካርታ ትታላት፣ እጽፍልሻለሁ ብላት ነው። ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች። ከዚያ ቆመ። ጥሩሐረግ እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጠረች፤ የተዋወቅነውም እዚያ ነው። እኔን፣ ሸጌ የምትባል ጸሐፊያችንንና አንድ ሌላ ባልደረባችንን በምሳ ሰዓት ለማስተማር አንድ ክረምት ሙሉ ታግላለች። እኛ ቶሎ የሚያልቅ ጨዋታ ነበር የምንፈልገው። «እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ» ስትለን እንስቃለን። በመጨረሻ ሸጌ ነፍሰ ጡር ሆና ስትቀር ጨዋታው ተበተነ፤ ጥሩሐረግም ሌላ ሰው አልፈለገችም።

በ1996 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአየርላንድ ጥቅል መጣላት። የላከችው የኖራ እህት ናት። ኖራ ከጥቂት ወራት በፊት አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞታለች፤ እስከ መጨረሻው ስለ ሰቆጣ ታወራ ነበር ይላል ደብዳቤው። «እንደምትደሰቺ ስለማውቅ ይህንን ልኬልሻለሁ። በቤተሰባችን ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም» ብላ የኖራ የብሪጅ ማኅበር የሚያሳትማትን ቀጭን መጽሔት ከውስጥ አስቀምጣለች።

ጥሩሐረግ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ቆማ ነበር ያነበበችው። እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አነበበች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና አነበበች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ እንደ አስተርጓሚ ድምፅ ነበር፣ የራሷ ነገር የሌለበት። ርዕሱ «በኢትዮጵያ የተጫወትኩት ምርጥ እጅ» ይላል፤ የጻፈችው ኖራ ናት። እያንዳንዱ ካርድ በቦታው አለ፤ ሰባቱ ልብ፣ ሁለቱ አበባ፣ ብቻዋን የወደቀችው የዳይመንድ ሰባት። ቆጣሪዋ ግን ኖራ ናት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ የቆየችው ኖራ ናት። መጨረሻው አካባቢ እንዲህ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው እኔው ያስተማርኳት የሰፈሩ ልጅ ነበረች፤ ካርዷን ዘርግታ፣ የምሠራውን ሳይገባት በትዕግሥት ስታየኝ ነበር።»

«ምናልባት አዘጋጁ ይሆናል የቀየረው» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች። መጽሔቷን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፋይል ስትደረድር ዋለች።

ለኖራ እህት ጻፈች። ሦስት ጊዜ ቀድታ፣ ሦስት ጊዜ አስተካክላ፣ ማንንም ሳትወቅስ እውነቱን ብቻ። መልስ ከአራት ወር በኋላ መጣ። ደግ ደብዳቤ ነበር። እህቴ ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ነግራናለች፤ አንቺም እዚያው ስለነበርሽ የአንቺም ጭምር እንደሆነ ቢሰማሽ አይገርመኝም ይላል።

በ1997 ታናሽ እህቷ እታገኝ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ጥሩሐረግ አትሂጂ ብላ ለምናታለች፤ እታገኝ «አንቺ አሥራ ሁለት ጨርሰሽ፣ ፈረንጅ አስተምሮሽ ምን አገኘሽ?» ብላ አፏን አስያዘቻት። በወልዲያ በኩል በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ። በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ተሳስመው ተለያዩ። ጥሩሐረግ ከዚያ በቀጥታ ወደ ክበቡ ሄደች። ዘበኛውን አቶ ዓለምነህን ጠየቀችው፤ ታመው ቤት እንደዋሉ ነግሮ አቅጣጫውን አሳያት።

ልጃቸው ናት በሩን የከፈተችላት። ሽማግሌው ሶፋ ላይ በብርድ ልብስ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ጥሩሐረግ ስሟንና ከየት እንደመጣች ነገረቻቸው፤ ስለ ውድድሩም አስታወሰቻቸው።

«አወቅሁሽ» አሏት ደስ ብሏቸው። «የሲስተር ኖራ ልጅ። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ያቺን እጅ እንዴት እረሳታለሁ?»

እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። ያቺ የመጽሔት ገጽ በመስተዋት ተደርጋ ተሰቅላለች። የእሳቸው ስም ያለበት መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ኖራ እራሷ ነበረች የላከችላቸው።

«ንግሥቲቱ በእርስዎ እጅ ነበረች» አለች ጥሩሐረግ።

«በእኔ እጅ። ያቺ ፈረንጅ አገኘችኝ። እንዲህ ያለ ቆጠራ በሕይወቴ አላየሁም።»

«አቶ ዓለምነህ፣ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ኖራ ናት ካርዷን የዘረጋችው።»

አዩዋት። የተቆጡ አልመሰሉም፤ ልጅ ነገር ሲያበላሽ እንደሚታይ አዩዋት።

«እርስዎ በቀኜ ነበሩ» አለች። «ስቆይ ጊዜ ልጄ ተኛሽ እንዴ አሉኝ። በአማርኛ። እሷ አማርኛ አትሰማም።»

«እሱንማ ለሁሉም እላለሁ።»

«መጨረሻ ላይም እንዴት አወቅሽ ብለው ጠየቁኝ።»

«ጠይቄያታለሁ። በእንግሊዝኛ። የጓደኛህን ካርድ ቆጠርኩ አለችኝ፤ ዛሬም ድምፅዋ ይሰማኛል።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። «ልጄ፣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሰው ይደባለቅበታል። አንቺም ጎበዝ ነበርሽ፣ አስታውሳለሁ፤ ዝም ብለሽ፣ ሥርዓት ይዘሽ። ይኸው የተጻፈ ነገር አለ እኮ።»

ልጃቸው መድኃኒታቸውን ይዛ ገባች። ጥሩሐረግ ጎንበስ ብላ እግዚአብሔር ይማርዎት ብላቸው ወጣች። በዓመቱ አቶ ዓለምነህ ማረፋቸውን ከክበቡ ሰው በስልክ ሰማች፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከነበሩት ሦስት ሰዎች የቀረውን ብቸኛ ምስክር፣ በግራዋ የተቀመጠውን ሰው፣ ስሙን ግን የሚነግራት አላገኘችም።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከአዲስ አበባ በተመለሰች ሰሞን ነው። ለካሳ ሄጄ ልንገረው ወይ አልኳት፤ ለምን እንዳልኳት እኔም አላውቅም። «ምን ብለህ?» አለችኝ። «ቤቴን የፈታሁባት ያቺ እጅ የሌላ ሰው ሆናለች ብለህ?» ካሳ በዚያን ጊዜ አግብቶ የሦስት ልጆች አባት ነበር።

እታገኝ ከቤይሩት በየጊዜው ትደውላለች። ጥሩሐረግ አሁንም መዝገብ ቤት ናት። የማንኛውንም ፋይል ቁጥር ብትጠይቋት ሳታይ ትነግራችኋለች፤ አለቆች ሲመጡ ሠራተኞቹ ይህንን እያሳዩ ያስቁባታል።

በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ከሥራ አብረን ስንወጣ ሳላስበው ያቺን እጅ አነሣሁባት። ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቆም አለች።

«በፊት እናደድ ነበር» አለች። «አሁን የሚከፋኝ ሌላ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ጠረጴዛ ሳስታውስ፣ ከቀን ወደ ቀን፣ ካርዱን የምታነሣው ኖራ ሆና ትታየኛለች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አያታለሁ። እጄን ፈልጌ አጣዋለሁ።»

ከዚያ ዳቦ መግዛት አለብኝ ብላ ወደ ገበያው በኩል ታጠፈች።